የታጠበው ጠጠር

ውሃ ስለጠራ ብቻ ንጹህ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ጊዜው ሲርቅ ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ አልበረደም። ሰው እጅጌውን ሰብስቦ፣ በረኪና ይዞ፣ ፊቱ በደግነት እየበራ ወደ አንድ ነገር ሲጠጋ ካየሁ ተነስቼ እሄዳለሁ። ደግነቱ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

የማወራው ስለ አንድ አኳሪየም ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በአማቴ ቤት የፊት ክፍል ውስጥ ስለነበረ የዓሳ መስታወት።

አያያዙን የተማርኩት ጅዳ በሠራተኝነት በኖርኩበት ቤት ነው። ሳሎኑ ውስጥ የግድግዳውን ግማሽ የሚያክል አኳሪየም ነበራቸው። እኔ ሳሎኑ ውስጥ መቀመጥ አይፈቀድልኝም፤ አኳሪየሙን ለማጽዳት ግን እገባለሁ። በፊት የሚያጸዳላቸው አንድ ፊሊፒንሳዊ ሰውዬ ነበር። ሊሄድ ሲል እመቤቲቱ አጠገቡ አቆመችኝና "ከእንግዲህ ያንቺ ሥራ ነው" አለችኝ። ሰውዬው በተሰባበረ ዐረብኛ፣ በእጁም ጭምር እያሳየ አስተማረኝ። በዚያ ቤት ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የወደድኩት እሱን ብቻ ነው። እሱን ስሠራ ማንም አይጠራኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። ወፍራም ቱቦ ጠጠሩ ውስጥ ትሰኪያለሽ። ውሃው በቱቦው ወደ ባልዲ ሲወርድ ጠጠሩ እየተነሳ ይንከባለላል። ጠጠሩ ከባድ ስለሆነ ተመልሶ ይወድቃል፤ የዓሳው ቆሻሻና የምግቡ ትራፊ ግን ከውሃው ጋር ይሄዳል። ሁሉን በአንድ ቀን አታደርጊውም። ዛሬ ይህን ጥግ፣ በሌላ ሳምንት ያንን ጥግ። ውሃውንም ጥቂቱን ብቻ ቀድተሽ፣ ባደረ ውሃ ትተኪዋለሽ። የቧንቧ ውሃ መድኃኒቱ እስኪወጣለት ማደር አለበት። ጠጠሩን ደግሞ መቼም ቢሆን በሳሙና አታጥቢም፤ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ይኖሩበታል። የዓሳው ሽንት መርዝ እንዳይሆን የሚበሉት እነሱ ናቸው። እነሱን ያጠበ ሰው ዓሳውን ገደለ ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ምን ያህል ትምህርት ያስፈልጋል? እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ገብቶኛል።

አገሩ ሁሉ ስለ ለውጥ በሚያወራበት ሰሞን ተመለስኩ። ባሌ እዚያው ጅዳ በሹፍርና ቀረ። እኔ ከእናቱ ጋር ሐይቅ ገባሁና የፊቱን ክፍል ጁስ ቤት አደረግሁት። የራሴ አኳሪየም ያስፈልገኛል አልኩ። አማቴ "አኳሪየም ምንድነው?" አሉ። ነገርኳቸው። "ሐይቁ አነሰሽ?" አሉኝ።

መስታወቱን ደሴ ያለ የአሉሚኒየም ሠራተኛ በሲሊኮን አጣብቆ ሠራልኝ። ጠጠሩን ያገኘሁት ከትውልድ አገሬ ከአምባሰል ነው። እህቶቼ ከውጫሌ በታች ካለው ወንዝ ለቅመው፣ በጆንያ አስረው በአውቶቡስ ላኩልኝ። ዓሳዎቹን ራሴ ከአዲስ አበባ በላስቲክ ከረጢት ጭኔ ላይ ይዤ መጣሁ፤ ቀያይ፣ ከጣት የማይበልጡ። ከዚያ በፊት ግን መስታወቱ ጠጠርና ውሃ ብቻ ይዞ፣ አየር የምትነፋዋ ትንሽ ሞተር እየሠራች ሳምንታት ቆይቷል፤ እነዚያ የማይታዩት እንዲራቡ። ያኔ የከተማው ሰው እየመጣ ባዶ ውሃ ሲያይ ይስቅብኝ ነበር። ጅዳ ኖራ አእምሮዋን ጥላ መጣች ተባልኩ።

ዓሳው ሲገባ ደግሞ ሌላ መጣ። ሐይቅ ዓሳ የሚጠበስበት ከተማ ነው። የማይቀልድብኝ ደንበኛ አልነበረም። "ይቺማ ለአንድ ጉርሻም አትሆን" ይላል አንዱ። "ዳጣ አላችሁ?" ይላል ሌላው። ቀልዱን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሰደቃውን ነው።

አገራችን ለእንስሳ ማብላት ሰደቃ ነው፣ ምንዳ አለው። ቆሎ የያዘ ቆሎ፣ ዳቦ የያዘ ዳቦ፣ ሳምቡሳ የያዘ የሳምቡሳ ጥግ እየቆረሰ መስታወቱ ውስጥ ይጥላል። ጀርባዬን ስሰጥ ጠብቀው ነው የሚጥሉት። ብናገር "ረሃብ አየሁባት" ይሉኛል። ዓሳ አፏን የምትከፍተው ስለምትተነፍስ ነው እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ። ዳቦው ጠጠሩ መሃል ገብቶ ይበሰብሳል፣ ውሃው ወተት ይመስላል፣ ዓሳው ላይ ላዩን እየዋኘ አየር ይለምናል። በሰደቃ ብቻ ሦስት ዓሳ ሞተብኝ። አንዷ የሞተች ሰሞን ጎረቤታችን የሆነች ክርስቲያን ሴት ከግሸን ጉዞ ስትመለስ ጠበል ይዛ መጣችና "ጠብ ላድርግላቸው፣ አፈር ስሆን" አለችኝ። ባንድ በኩል ሰደቃ፣ ባንድ በኩል ጠበል። ለሰው የሚጸለየውን ያህል ተጸለየላቸው፤ የተነገረውን የሚሰማ ግን ጠፋ። ለጎረቤቴ "አንቺ ጠጪላቸው" አልኳት። አልተቀየመችም፣ ስቃ ሄደች።

መስታወቱ ላይ "ምግብ መጣል ክልክል ነው" ብዬ ለጠፍኩ። አንዱ ሽማግሌ እያነበቡ ጣሉ።

አንድ ቀን ጠጠሩን በቱቦ ሳጸዳ ጁሱን የሚጠጣ አንድ ጎረምሳ ሲያየኝ ቆየና "ለምን አንዴ ደፍተሽ አትገላገይውም?" አለኝ። ሁሉን ባንዴ ከደፋሁ ዓሳው እንደማይኖር ነገርኩት። "እስቲ ይህንን ለመንግሥት ንገሪልን" አለ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ስለሚጠረግ ነገር ያወራ ነበርና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅሁም። ቱቦውን በአፌ ስቤ ነው የማስጀምረው፤ በዚያ መሃል ብስቅ ኖሮ የምጠጣው የዓሳ ሽንት ነበር።

ከሁሉም በላይ የተጣላሁት ግን ከአማቴ ጋር ነው። ንጽሕና ወዳድ ናቸው። ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ማሰሮአቸውን እንኳ ማንም አይነካባቸውም። "ወላሂ፣ ቤት ውስጥ የቆመ ውሃ ደግ አይደለም" ይላሉ።

"የቆመ አይደለም እማማ፣ ይንቀሳቀሳል።"

"ወዴት?"

ወደ ጁስ መፍጫዬ ተመለስኩ።

ያስታረቀን ጭቃው ነው። በቱቦ የቀዳሁትን ቡኒ ውሃ መንገድ ላይ ልደፋ ስወጣ አንድ ቀን ባልዲውን ተቀበሉኝና ጓሮ ያለው ጤና አዳማቸው ላይ አፈሰሱት። በሌላ ሳምንትም። ጤና አዳሙ አጥሩን አልፎ ወጣ፣ ቃሪያውም ፍሬው አጎነበሰው። እሳቸው ግን ዓሳዎቹን አላመሰገኑም። "አፈሩ ነው" አሉ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ጭቃው የሚቀዳበትን ቀን ከእኔ በላይ ያውቁት ጀመር። "ዛሬ የዓሳሽ ጭቃ የለም?" ይሉኛል። ባልዲውን ለመያዝ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ከዚያ በርጩማ አምጥተው መቀመጥ ጀመሩ። ከዚያ ባልዲውን ረስተው መስታወቱን ማየት ጀመሩ።

"እነዚያ የማይታዩት፣ እውን አሉ?" አሉኝ አንድ ቀን።

"አሉ።"

"ስንት ናቸው?"

"አይቆጠሩም።"

"አላህ ያውቃቸዋል" አሉና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦ የሚጥለውን ሁሉ እሳቸው ናቸው የሚያባርሩልኝ። እኔን ያልሰማ እሳቸውን ይሰማል። ሽማግሌውን ሳይቀር "ሰደቃህን ለሰው ስጥ" ብለው መለሱት።

መብራት ሲጠፋ ሞተሯ ስለምትቆም ውሃው አየር እንዲያገኝ በጆግ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈስበት ነበር። መብራት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። እሳቸው በርጩማው ላይ ሆነው "ጁስሽን ተይና ውሃ ቅጂ" እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ እንደ ቀልድ ያየሁትን እሳቸው እየተማሩት ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ወሬው፣ ከዚያ ከወልዲያ በኩል የሚመጡት ተፈናቃዮች፣ ከዚያ ድምፁ። እህሉ ገና አልታጨደም። ውጫሌ ተያዘ ሲባል የከተማው ሰው መንገዱን ሞላው። አማቴ አልሄድም አሉ። ጉልበታቸው አይራመድም፤ መኪና ቢገኝ እንኳ ቤቴን ጥዬ አልሄድም አሉ። አብሬአቸው እቀራለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ተቆጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

"አንቺ ወጣት ነሽ። ሴት ነሽ። እኔን አሮጊቷን ማን ይነካኛል? ለልጄ ምን ብዬ ልንገረው? ውጪልኝ ከቤቴ።"

ሻንጣዬን በራሳቸው እጅ ወደ በሩ ጎተቱት። በሩ ላይ "አብሽሪ" አሉኝ። ደህና ነው፣ አትስጊ ማለታቸው ነው። እንዲህ አይነት ቃል በዚያ ሰዓት የሚናገር ሰው እናትን ያህል ነው፤ ግን የሚያናድድም ነው፤ ምክንያቱም ደህና አልነበረም።

ደሴ ገባሁ፣ ደሴም ተያዘ። ኮምቦልቻ፣ ከዚያ እግሬ እንደመራኝ ሸዋ። ደብረ ብርሃን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተኛሁ። ወደ ሐይቅ ስልክ ተቋርጧል። ባሌ ከጅዳ እየደወለ "እናቴስ?" ይለኛል። እናቱን ትቼ የወጣሁ እንዳይመስለው እያልኩ ያባረሩኝን እየደጋገምኩ እነግረዋለሁ፤ አንድም ቀን ለምን አላለኝም፣ እኔ ግን እነግረዋለሁ።

ሐይቅ ነጻ ወጣች ሲባል በጭነት መኪና ላይ ሆኜ ተመለስኩ። የጁስ መፍጫው የለም። ማቀዝቀዣው የለም። ወንበሮቹ፣ ፍራሹ፣ የአማቴ ኩታ ሳይቀር ተወስዷል። በሩ ተገንጥሏል፤ ወለሉ ላይ የተደረገውን አልጽፈውም። የአኳሪየሙን ሞተር ሳይቀር ነቅለው ወስደዋል። መዳፍ የማትሞላ፣ አየር ከመንፋት በቀር ምንም የማትሠራ ነገር ናት። ለምን እንደወሰዷት እስከ ዛሬ አስባለሁ፤ ባሰብኩ ቁጥርም እንደ አዲስ እናደዳለሁ።

አማቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ነጠላው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ከአጠገባቸው መስታወቱ በቡኒ ውሃ ሞልቶ ቆሟል። ውስጡ ሁለት ቀያይ ዓሳዎች ይዋኛሉ።

ነገሩን ቀስ በቀስ ነገሩኝ። መብራት እንደጠፋ ጆጉን አንስተው እኔ አደርገው እንደነበረው ውሃውን እየቀዱ ከላይ ማፍሰስ ጀመሩ። መቼ መቼ እንደሚያስፈልግ ስላላወቁ ከሶላታቸው ጋር አሰሩት። ሱብሂ ሰግደው ይቀዳሉ፣ ዙህር ሰግደው ይቀዳሉ፣ አስር፣ መግሪብ፣ ዒሻ። ቧንቧው ሲደርቅ ከጎረቤት ጉድጓድ ለምነው ያመጡትን ውሃ አሳድረው ጨመሩ። ቱቦውንም በአፋቸው ስበው ጠጠሩን አጽድተዋል፤ ጥግ ጥጉን፣ ሁሉን ባንዴ ሳይሆን። ታጣቂዎቹ ገብተው "እነዚህን ጥበሺልን" ሲሏቸው "የሚበሉ አይደሉም፣ ለልጄ ሚስት ሕመም የመጡ ናቸው፤ ውሃውን የነካ ሰው ገላው ይላጣል" አሉ። አንዱ እጁን ሊነክር ጠጋ ብሎ ተመለሰ።

"ዋሽቻለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ" አሉ።

"እማማ፣ ለዓሳ ብለው?"

ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዙረው ተናገሩ። "ስልኩ ሲጠፋ በልቤ ነየትኩ፣ እንደ ስለት ያዝኩት። እነዚህ ከኖሩ አንቺም በሕይወት አለሽ ብዬ። አራቱ ሲሞቱ አለቀስኩ። ሁለቱ ሲቀሩ፣ አንዷ ላንቺ አንዷ ለልጄ አልኩ።"

ጆጉን አንስቼ ውሃውን መቅዳት ጀመርኩ።

እንግዲህ ወደሚያናድደኝ ደረስኩ።

ከጦርነቱ በኋላ በእኛ አካባቢ ሴቶች ቤት ለማጽዳት ደቦ ወጡ። ለአጨዳ እንደሚወጣው ዓይነት ደቦ ነው። ቤቶቹ ተዘርፈው ብቻ አልነበረም፣ ነጅሰው፣ ረክሰው ነበር፤ በዚያ ሁኔታ ሰው አይሰግድባቸውም፣ አይበላባቸውም። ሴቶቹ ከቤት ቤት እየዞሩ ግድግዳ ሳይቀር ይፈትጋሉ። ሙስሊሟ የክርስቲያኗን፣ ክርስቲያኗ የሙስሊሟን። ይህን ለማመስገን ቃል የለኝም። እህቶቼም ከአምባሰል በእግርም በባጃጅም መጥተው የኛን ቤት ሊያጸዱ ተሰለፉ። የራሳቸው ቤት ከኛ የባሰ ሆኖ ሳለ ነው የመጡት።

ያን ቀን አማቴና እኔ ለቅሶ ሄድን። በጦርነቱ ወቅት የሞቱ የአማቴ ጓደኛ ነበሩ፤ ያኔ ያልተለቀሰላቸው። አስር ሰግደን ስንመለስ ቤቱ የበረኪና ሽታ ሆኗል። ወለሉ ያበራል። እህቶቼ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ላባቸው እየወረደ በሩ ላይ ቆመው ይስቃሉ። "ግቡ እዩ" አሉን።

መስታወቱ ማዶው እስኪታይ ተወልውሏል። ጠጠሩ የለበትም። ጠጠሩ ጓሮ ጆንያ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ነጥቷል።

"ያንን ሁሉ ጭቃ ብታዪው" አለች ታላቄ። "የኛው ጠጠር እኮ ነው፤ ወንዝ ውስጥ እንኳ እንዲያ አልቆሸሸም። ደጋግመን በሳሙና ፈተግነው፣ መጨረሻ ላይ በበረኪና።"

ዓሳዎቹ የት ናቸው አልኩ። ወለሉ የታጠበበት ባልዲ ውስጥ ነበሩ። አለቅልቀነዋል አሉ። በጎናቸው ተንሳፍፈዋል፤ አፋቸው ከውሃው በላይ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ያደረ ውሃ ፈለግሁ፤ የጀሪካኑን ውሃ ለወለሉ ጨርሰውታል። ከጉድጓዱ አስመጣሁ፣ በጆግ ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ፣ ቀዳሁ። አልሆነም። መግሪብ አዛን ከማለቱ በፊት ሁለቱም ሞቱ።

"ማን ንኩት አላችሁ?" ብዬ ጮህኩ። በእህቶቼ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

ታላቄ ደነገጠች። "ለእሳቸው ብለን ነው። ያን ሁሉ ችለው አሳልፈው፣ አሁንም ቆሻሻ ውሃ ፊት ይቀመጡ?"

ይኸው ነው። ለዚህ ምን ይባላል? ጠመንጃ የያዘ ሰው ያልነካውን፣ እኔን የሚወዱ እጆች፣ ጠጠሩን ራሳቸው ከወንዝ የለቀሙ እጆች፣ ፈትገው ገደሉት። አፌን ከፍቼ ልቀጥል ስል አማቴ ነጠላዬን ጎተቱት።

"አላህ ይቀበላችሁ ልጆቼ" አሉ ለእህቶቼ። "ቤቴን ቤት አደረጋችሁልኝ።" እጃቸውን በእያንዳንዳቸው ጫንቃ ላይ አሳረፉ። ከየትም ፈልገው ቂጣ አቀረቡላቸው። እህቶቼ በልተው፣ መርቀው፣ ተመርቀው ወጡ።

እኔ ግን አልቻልኩም። በሩ እንደተዘጋ በእሳቸው ላይ ዞርኩ። "ለምን አልነገሯቸውም? ያን ሁሉ ለፍተው እንዳቆዩአቸው፣ የነየቱትን፣ ለምን አልነገሯቸውም?"

"ለነዚያ ጠመንጃ ለያዙት ውሸት ነበረኝ፣ ብያቸው ሄዱ" አሉ። "ለእህቶችሽ ግን ምን ልበላቸው? እውነቱን ብነግራቸው ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ።"

"እኔስ?"

"አንቺ የቤቱ ነሽ" አሉና ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያበግነኛል። ትክክል ስለሆነ ይሁን ስላልሆነ አላውቅም። የቤት ሰው መሆን ዋጋው መናገር አለመቻል ነው እንዴ? ታላቄ እስከ ዛሬ አታውቅም። ውጫሌ በሄድኩ ቁጥር "ያንን አኳሪየም ያጠብንላችሁ ቀን" እያለች በኩራት ታወራልኛለች። እኔ እስቃለሁ። ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ እስከ ሐይቅ ድረስ ጥርሴን ነክሼ እመጣለሁ።

ያን ዕለት አማቴ መግሪብ ሲሰግዱ እኔ ጠጠሩን ከጆንያው ላይ ወደ መስታወቱ መለስኩት፤ ምን እንደማደርግበት ሳላውቅ። ውሃ ጨመርኩበት። እንደ ብርጭቆ የጠራ ውሃ ሆነ። በዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ የጠራ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ሕይወት የሚባል ነገርም አልነበረበትም።

አማቴ ሶላታቸውን ጨርሰው ተነሱ። መስገጃቸውን አጠፉ። ጉልበታቸውን ይዘው ወደ መስታወቱ መጡና ጆጉን አነሱ። ቀዱ፣ ከላይ አፈሰሱ። ደግመው ቀዱ፣ አፈሰሱ። ውሃው ነጭ አረፋ እየሠራ ይወርዳል።

"ይተዉት እማማ" አልኳቸው። "ምንም የለበትም።"

"አውቃለሁ" አሉኝ፣ መቅዳቱን ሳያቆሙ። "እጄ ነው ያላወቀው።"